መጽሐፉን ሳያነቡ ሕጉን የሚኖሩት፦ ስለ ድሩዞች ሥነ ምግባር ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው ሃይፋ ነው፤ የምሠራውም በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። ድሩዝ ናት፣ ከዳሊያት አል-ካርሜል። ውሸት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ቤታቸው ስሄድ እናቷ እንደ ልጃቸው ነው የሚቀበሉኝ። ስለ ሃይማኖቷ ስጠይቃት ግን ‹እኔ ጃሂላ ነኝ፤ መጽሐፋችንን አንብቤው አላውቅም› ትለኛለች። ስትጾምም ስትጸልይም አላየሁም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ግብረ ገብ ከየት መጣ? ሌላው የገረመኝ፣ ከድሩዝ ውጪ ብታገባ ቤተሰቧ እንደሚተዋት ነግራኛለች። እንደዚህ ደግ የሆኑ ሰዎች በገዛ ልጃቸው እንዴት ይጨክናሉ? ወደ ጸሎት ቤታቸው መሄድስ እችላለሁ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የመጨረሻውን ለመጨረሻ ላቆየው። የፊተኞቹ ሁለት ጥያቄዎች ግን መልሳቸው አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ደግነታቸውም ጥብቅነታቸውም የሚቀዳው ከአንድ ቦታ ነው። ድሩዞች በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖሩ፣ የራሳቸው እምነት ያላቸው ትንሽ ሕዝብ ናቸው። የድሩዝ ሥነ ምግባር ማደሪያው ማኅበረሰቡ ነው። ሰው ለወንድሙና ለእንግዳው ያለበት ግዴታ ከጾምም ከስግደትም ይቀድማል። ነገሩ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሺኝ።

ጓደኛሽ ስለ መጽሐፉ የነገረችሽ እውነት ነው። ድሩዞች በሁለት ይከፈላሉ። ዑቃል የሚባሉት ወደ ሃይማኖቱ ምሥጢር የገቡት ናቸው፤ ወንድም ሴትም አለባቸው። ጁሃል የሚባሉት (ለአንዲት ሴት ሲሆን ጃሂላ) ያልገቡት ናቸው፤ ብዙኃኑ እነሱ ናቸው። «የጥበብ መልእክታት» የሚባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው 111 መልእክታት አሉት። የሚያነቡት ዑቃሉ ብቻ ናቸው። ሐሙስ ማታ ኸልዋ በሚባል ጸሎት ቤት ይሰበሰባሉ። ቤቱ ጌጥ የለውም። ጁሃልም መጥተው ምክርና ተግሣጹን ሊሰሙ ይችላሉ፤ ጥልቁ ንባብ ሲጀመር ግን ይወጣሉ። የኦርቶዶክስ ቅዳሴን የሚያውቅ አንባቢ «ጻኡ ንኡሰ ክርስቲያን» የሚለውን ቢያስታውስ ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ እዚያ ወጪው አብዛኛው ሕዝብ መሆኑ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ታሪኩን ባጭሩ ልንገርሽ። እዚህም ወደፊትም የምጠቅሳቸውን ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰጂያቸው። እምነቱ የተወለደው ካይሮ ነው፣ ግብፅን ይገዛ በነበረው በፋጢማዊው ኸሊፋ በአል-ሐኪም ዘመን። በ1017 ጥሪው በይፋ ታወጀ፤ ዋናው መሪ ሐምዛ ኢብን ዐሊ ነበር። በ1021 አል-ሐኪም ደብዛው ጠፋ። ወዲያው ስደት መጣ፤ በተተኪው ዘመን ብዙ አማኞች ተገደሉ። በ1043 የጥሪው በር ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አማኝ አይቀበሉም። ድሩዝ የሚባለው ከድሩዝ አባትና እናት የተወለደ ብቻ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከግማሽ የማያንሱት ሶርያ ውስጥ ይኖራሉ። የቀሩት ሊባኖስ፣ እስራኤልና ዮርዳኖስ ናቸው፤ ተሰደው ቬኔዙዌላና አሜሪካ የገቡም አሉ። ቁጥሩ ትንሽ፣ ተራራ ላይ የሰፈረ፣ በትላልቅ ኃይሎች የተከበበ ሕዝብ ነው። ከውጭ ሰው አይጨመርበትም። እዚያ ውስጥ አንዱ ለአንዱ ካልቆመ ሌላ የሚቆምለት የለም። ስለ ሥነ ምግባራቸው የምነግርሽን ሁሉ ይህን ይዘሽ አንብቢው።

አሁን ወደ ትእዛዛቱ እንምጣ። ሰባት ናቸው። የመጀመሪያው አንደበትን ከሐሰት መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ወንድሞችን መጠበቅ። የቀሩት አምስቱ ስለ እምነት ናቸው፦ ከንቱ አምልኮን መተው፣ ከክፉ ኃይልና ከዐመፅ መራቅ፣ የአምላክን አንድነት ማመን፣ እሱ ያደረገውን ወዶ መቀበል፣ ለፈቃዱ መገዛት። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። ስለ ሰው የሚናገሩት ሁለቱ ፊት ቆመዋል። በድሩዝ ሊቃውንት አተረጓጎም እውነት መናገር የገባው በሶላት ቦታ ነው። ወንድምን መጠበቅ ደግሞ በዘካ፣ በግዴታው ምጽዋት ቦታ። ስለዚህ ጓደኛሽን ስትጸልይ አላየኋትም ስትዪ፣ በእነሱ ሚዛን አይተሻታል። እውነት ስትናገር በሰማሻት ቁጥር አይተሻታል።

ሊቃውንቱ ውሸትን የኃጢአት ሁሉ በር አድርገው ያስተምራሉ። ሌባው ይዋሻል፤ ነፍሰ ገዳዩም አመንዝራውም ይዋሻል። ለመዋሸት ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውንም ጥፋት ለመሥራት ይቸገራል። ይህን ለማወቅ 111 መልእክታት ማንበብ አያስፈልግም። ልጅ ከእናቱ ይሰማዋል። አያቱ «ቃሌ ነው» ብለው ያለ ወረቀት መሬት ሲሸጡ ያየዋል። ጓደኛሽ ያደገችበት ትምህርት ቤት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገርሽ። የድሩዝ ትምህርት በአደጋ ጊዜ እምነትን መሸሸግ ይፈቅዳል። እውነት የመናገር ግዴታውም ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው በአማኞች መካከል ነው። ይህን ይዘው «ድሩዝ ለሌላው ሰው እውነት አይናገርም» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ሰይፍ አንገቱ ላይ ያረፈበት ሕዝብ እምነቱን ደበቀ ማለት፣ ገበያ ላይ ያጭበረብራል ማለት አይደለም። በመንደሮቻቸው አካባቢ ከኖሩ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ደጋግመሽ የምትሰሚው የድሩዝ ቃል እንደሚታመን ነው።

ወንድምን መጠበቅ የሚለው በተግባር ምን እንደሚመስል በቅርቡ ታይቷል። በሐምሌ 2025 ደቡብ ሶርያ ውስጥ፣ በሱወይዳ፣ ከባድ ደም መፋሰስ ሆነ። ግጭቱ በድሩዝና በበደዊን ታጣቂዎች መካከል ተነሳ፤ የመንግሥት ኃይሎች ሲገቡበት ደግሞ ባሰ። ከሺህ በላይ ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ድሩዝ ሲቪሎች ነበሩ። ወሬው እንደተሰማ በጎላን ከመጅደል ሸምስ በኩል በመቶ የሚቆጠሩ የእስራኤል ድሩዞች የድንበሩን አጥር ጥሰው ተሻገሩ። ብዙዎቹ እዚያ ማዶ ያለውን ሰው በስም እንኳ አያውቁትም። ሕግ መጣሳቸው ነው፣ አደገኛም ነበር። ግን ለአንድ ድሩዝ «ለምን ሄድክ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ አይገባውም። ከዓመት በፊት፣ በሐምሌ 2024፣ በዚያችው በመጅደል ሸምስ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ሮኬት ወድቆ 12 ሕፃናትና ታዳጊዎች ሲሞቱ ለቀብሩ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሼኾች ከየአካባቢው መጥተው ነበር።

እንግዳን መጠበቅ ግን ከድሩዝ አጥር ይወጣል። የእናቷን መስተንግዶ ለመረዳት ከሁሉ የሚረዳሽ አንድ የ1922 ታሪክ ነው። አድሀም ኸንጀር የሚባል የደቡብ ሊባኖስ ሰው ነበር። ሺዓ ሙስሊም ነው፤ ድሩዝ አይደለም። ያን ጊዜ ሶርያንና ሊባኖስን ያስተዳድር የነበረውን የፈረንሳዩን ጄኔራል ጉሮን ለመግደል ሞክሯል ተብሎ ይፈለግ ነበር። ሸሽቶ ሶርያ ውስጥ ቁረያ መንደር፣ ወደ ድሩዙ መሪ ወደ ሱልጣን አል-አጥረሽ ቤት ሄደ፤ ሱልጣን ስማቸው ነው፣ ማዕረግ አይደለም። ሱልጣን በወቅቱ ቤት አልነበሩም። ፈረንሳዮቹ ሰውየውን ያዙት። ሱልጣን ሲሰሙ እንግዳዬ ነው፣ ልቀቁት ብለው ጠየቁ። እምቢ ሲባሉ ተኩስ ከፈቱ። ፈረንሳዮቹ የሱልጣንን ቤት አፈረሱት፤ እሳቸውም ወደ ትራንስጆርዳን (የዛሬዋ ዮርዳኖስ) ተሰደዱ። አድሀምን ማዳን አልተቻለም፤ በ1923 ቤይሩት ላይ ተገደለ።

አስቢው፤ ሰውየው ዘመዳቸው አይደለም፣ የሃይማኖታቸውም ሰው አይደለም። ደጃቸውን ረግጧል፤ በቃ። እኚሁ ሱልጣን በ1925 የሶርያን ታላቅ ዐመፅ መሩ። «ሃይማኖት የእግዚአብሔር ነው፣ አገር የሁሉም ነው» የሚለው መፈክርም ከዚያ ዐመፅ ጋር አብሮ ይነሳል። ቁረያ ላይ ስለ አንድ እንግዳ የተነሳው ጠብ ለዚህ ትልቅ ዐመፅ መንገድ ከጠረጉት ነገሮች አንዱ ነው። በድሩዝ ቤት ቡና ሲቀርብልሽ ከኋላው ይህን የሚያህል ነገር አለ።

ይህ ማለት ግን እጃቸው ንጹሕ ሆኖ ኖሯል ማለት አይደለም። በ1860 በሊባኖስ ተራራ ድሩዞችና ማሮናውያን ክርስቲያኖች ተጋደሉ፤ በዴር አል-ቀመርና በሐስበያ ብዙ ክርስቲያኖች ታርደዋል። በ1983ም እዚያው ሊባኖስ በሹፍ ተራሮች ተደገመ። ወንድምን ጠብቅ የሚለው ሕግ በጦርነት ጊዜ ወንድም ባልሆነው ላይ ሊዞር ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን እህቶች በሰው ቤት የሚሠሩባት ሊባኖስ ያንን ቁስል እስካሁን ታስታውሳለች። ሹፍ ውስጥ ለዕርቁ ትልቅ በር የተከፈተው የማሮናውያኑ ፓትርያርክ ስፌር በነሐሴ 2001 ተራራውን ሲጎበኙ ነው።

ወደ ዑቃሉ ልመለስ፤ ጓደኛሽ ያላነበበችውን መጽሐፍ በአካል ያየችው በእነሱ ላይ ነውና። ዑቃል አልኮል አይጠጣም፣ አያጨስም። ስድብና ጉራ ከአፉ አይወጣም። ልብሱ ጠቆር ያለና ቀላል ነው፤ ወንዱ ነጭ ጥምጥም፣ ሴቷ ነጭ ሻሽ ያደርጋሉ። ለመግባት የሚጠይቅ ሰው ይፈተናል። ነፍስ ያጠፋ ወይም ያመነዘረ ሰው በሩ ይዘጋበታል፣ ብዙ ጊዜም እስከ ዕለተ ሞቱ። ጥብቅ የሆኑት ምንጩን ከማያውቁት ገንዘብ የተገዛ ምግብ አይቀምሱም። በድሮ ጊዜ በግፍ የተሰበሰበ ግብር ይሆናል ብለው ከገዢዎች ማዕድ የሚርቁ ነበሩ። ለእኔ ከሥርዓታቸው ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል። ብዙ ሃይማኖት ምን እንደምትበዪ ይጠይቃል። እነሱ በማን ላብ እንደተገዛም ይጠይቃሉ።

ቅጣታቸውም ሽልማታቸውም በአደባባይ ነው። ሰው ሲሞት ሼኾቹ በቀብሩ ላይ ስለ ነፍሱ ምሕረት ይለምናሉ። በጥብቁ ልማድ ግን ይህ ለሁሉም እኩል አይባልም። ክፉ ኖሮ የሞተውን ሰው ሼኾቹ በዝምታ ያልፉታል። ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል፣ ወይም ሳይሰማ ይቀራል። መጽሐፍ ያላነበበ ገበሬ ይህን አንድ ጊዜ ካየ እንዴት መኖር እንዳለበት ያውቃል።

ሌላው ነገር ተቀሙስ ነው፤ ነፍስ ከሞተ ሰው ወዲያው ወደሚወለድ ሕፃን ትሄዳለች የሚለው እምነት። የድሩዝ ነፍስ በድሩዝ ሕፃን ውስጥ ትወለዳለች፤ የወንድ በወንድ፣ የሴት በሴት። ይህ የሐዘናቸውን መልክ ቀይሮታል። ዋይታ አይበረታታም፤ መቃብር ማስጌጥም ልማዳቸው አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን ሊባኖስ፣ አበይ መንደር የኖሩት ታላቁ መምህራቸው አል-አሚር አል-ሰይድ አል-ተኑኺ (1417–1479) ልጃቸው በሠርጉ ዕለት ሞተባቸው፤ እሳቸው ግን ሐዘናቸውን ዋጥ አድርገው እንግዶቹን አስተናገዱ ተብሎ ይተረካል። ስድስተኛው ትእዛዝ፣ አምላክ ያደረገውን ወዶ መቀበል፣ ለድሩዝ ልጅ የሚነገረው በዚህ ታሪክ ነው። ተቀሙስ ሌላም ሥራ ይሠራል። ዛሬ ሀብታም የሆነው በሌላ ሕይወቱ ድሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድሃን መናቅ ራስን መናቅ ይሆናል።

ስለ ሴቶች ትንሽ ልበል፤ ጓደኛሽን ይመለከታልና። ከአንድ በላይ ሚስት ማግባት ክልክል ነው። ባልና ሚስት ከተፋቱ ተመልሰው መጋባት አይችሉም፤ ስለዚህ ባል በቁጣ ተነስቶ «ፈትቼሻለሁ» ማለት አያዋጣውም። ሐምዛ ባል ሚስቱን ከራሱ እኩል እንዲያደርግ አዟል። ሳራ የምትባል ሴት በ11ኛው መቶ ዘመን ሊባኖስ ውስጥ ወዳለው ወደ ዋዲ አል-ተይም ሸለቆ የተልእኮ መሪ ሆና ተልካለች። የሊባኖስ የ1948 የድሩዝ ቤተሰብ ሕግም የአንድ ለአንድ ጋብቻን አጽንቷል። ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ውርስ ላይ ግን ሌላ ነው። ድሩዝ ንብረቱን ለፈለገው የመናዘዝ ሙሉ ነፃነት አለው። ብዙ አባቶች በዚህ ነፃነት ተጠቅመው ቤትና መሬቱን ለወንዶች ልጆች ይሰጣሉ። መጽሐፉ እኩል ያለውን ኑዛዜው ያፋልሰዋል፤ ይህን የሚተቹ ድሩዝ ሴቶችም አሉ።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ደረስን። በገዛ ልጃቸው እንዴት ይጨክናሉ?

ከማኅበረሰቡ ማግለል የድሩዞች ትልቁ መሣሪያ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ጎላን ላይ ታይቷል። እስራኤል በታኅሣሥ 1981 ሕጓን ከሶርያ በያዘችው በጎላን ላይ ስታውጅ፣ የአራቱ መንደሮች ድሩዞች የእስራኤል መታወቂያ አንወስድም አሉ። የካቲት 14 ቀን 1982 የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ አድማው ለወራት ቀጠለ። ሼኾቹ መታወቂያ በወሰደ ሰው ላይ የሃይማኖት እገዳ ጣሉ። ሰውየውን ማንም አይጎበኘውም። ሠርጉ ላይ አይገኙም፤ ቢሞትም አይቀብሩትም። ማንም ዱላ አላነሳም፣ ግን ከዱላ የከፋ ነበር። በቅርብ ዓመታት ዜግነት የሚወስዱ ወጣቶች እየበዙ ነው፤ እገዳውም እንደ ድሮው አይደለም። ነገር ግን ያን ጊዜ ትንሽ ሕዝብ ትልቅ መንግሥትን የተቋቋመው በዚህ ነው።

ከእምነቱ ውጪ ለሚያገባ ልጅም የሚወጣው ይኸው መሣሪያ ነው። በሩ ከ1043 ጀምሮ ዝግ ነው ብዬሻለሁ። ከሌላ ሃይማኖት የምታገባ ሴት ልጆቿ ድሩዝ አይሆኑም። ወንዱም ቢሆን እንደዚሁ ነው። በእነሱ ስሌት አንድ ልጅ ወጣ ማለት፣ አንድ የዘር ሐረግ ተቆረጠ ማለት ነው። ስለዚህ ወላጆቹ የሚያዩት ጓደኛሽን ብቻ አይደለም። ከእሷ ኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያያሉ። «ወንድምህን ጠብቅ» የሚለው ትእዛዝ እዚህ ላይ «ከአጥሩ አትውጣ» ወደሚል ይለወጣል።

ምክንያቱን ገልጬልሻለሁ፤ ትክክል ነው ማለቴ ግን አይደለም። አንዲት ልጅ ሰው ስለወደደች እናቷን እስከ ዕድሜ ልክ ማጣት የለባትም ብዬ አምናለሁ። ይባስ ብሎ ከመገለል አልፎ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች አሉ። ይህን ሰባቱ ትእዛዛት አይፈቅዱም፤ ወንጀል ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ በአደባባይ ተለይቶ በስልክ ይገናኛል። አባት ዝም ይላል፣ እናት በሥውር ትደውላለች። ጓደኛሽ ስትነግርሽ ፍርሃት አይተሽባት ከሆነ ዝም ብለሽ አድምጫት። «እኔ ብሆን እተዋቸው ነበር» አትበያት። አንቺ እናቷ ቤት ያገኘሽው ሙቀትና እሷ ማጣትን የምትፈራው ሙቀት አንድ ናቸው።

ጸሎት ቤቱን በተመለከተ፣ ወደ ኸልዋ ንባብ መግባት አትችዪም፤ ጓደኛሽ ራሷም እስከ መጨረሻው አትቀመጥም። እንድታስገባሽ ባትጠይቂያት ይሻላል። ምሥጢሩን እንድትነግርሽም አትጎትጉቻት፤ አታውቀውም። ይልቅ ስለ አያቷ ጠይቂያት። ስለ እንግዳ አቀባበል፣ ስለ ዕርቅ፣ ቤተሰቡ ስለሚያወራው የተቀሙስ ታሪክ ጠይቂያት። እዚያ ላይ ብዙ አላት።

ጥብርያዶስ አጠገብ ሒጢን ያለው የነቢዩ ሹዐይብ መካነ መቃብር ግን ለጎብኚ ክፍት ነው። ሹዐይብን የሙሴ አማት ዮቶር ነው ይሉታል። ዮቶር በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴን የመከረውን ታስታውሺ ይሆናል፦ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑና ያለ አግባብ ጥቅምን የሚጠሉ ሰዎችን ሹም ይለዋል። በቁርኣንም ሹዐይብ ለምድያም ሰዎች ሚዛን አታጉድሉ እያለ የሚሰብክ ነቢይ ነው። ድሩዞች ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት ነቢይ እሱ መሆኑ ከላይ ከነገርኩሽ ጋር ይሄዳል።

ስትሄጂ ጫማ ይወለቃል፣ ራስ ይሸፈናል፤ ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ አትልበሺ። ዑቃል ወንዶች የሴት እጅ አይጨብጡም፤ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ሰላም በያቸው። ከሚያዝያ 25 እስከ 28 የዓመት በዓሉ ስለሆነ ሕዝቡ ብዙ ነው። ረጋ ብለሽ ማየት ከፈለግሽ በሌላ ጊዜ ሂጂ፤ ጓደኛሽን ግን ይዘሽ ሂጂ።